የየኔታ ቅኔ ስላልተቀዳባቸው አራት ወርቃማ ማይክሮፎኖች

ይድረስ ለክቡር አቶ ውበቱ፣ የንባብ ማኅበራችን ሊቀ መንበርና የፖድካስት ዕቃ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉሮሮዎ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር ላደረገ ጉሮሮ ከዚህ ያነሰ ሰላምታ አይገባውም። እኔ ድምፅ እንድቀዳ የተመደብኩት አንሙት ነኝ፤ በአካል ደኅና ነኝ፣ ኅሊናዬ ግን ታሟል። ደብዳቤውን በአደባባይ የምጽፈው፣ ቢሮዎ ገብቼ ልነግርዎ በሞከርኩ ቁጥር «ልክ ብለዋል» እያልኩ ስለምወጣ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፦

1. ለጀማሪ ፖድካስት ሁለት ባለገመድ ማይክሮፎን፣ አንድ መቅረጫ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና መስኮቱን የምንሸፍንበት ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃናል ብዬ ዝርዝር ባቀርብ፣ ገመድ ፎቶ ያበላሻል ብለው በባትሪ የሚሠሩ አራት ወርቃማ ማይክሮፎኖች ስላስመረጡን እናመሰግናለን። ሁለቱ እስካሁን ጠረጴዛ ከማሳመር በቀር ሥራ አልያዙም። ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔም ፊርማ አለበት፤ እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።

2. የጆሮ ማዳመጫዋ የሚቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ እንድቆጣጠርባት የተገዛች ነበረች። ለፎቶ ብለው ራስዎ ላይ ካደረጓት በኋላ ዝግጅቱ እስኪያልቅ አላወለቋትም፤ ደግሞም አምሮብዎት ነበር። ከትልቅ ሰው ራስ ላይ ዕቃ ማንሳት ነውር መስሎኝ ያለ ማዳመጫ መቅዳት ጀመርኩ።

3. እንግዳችን የቅኔ መምህሩ የኔታ አምደሚካኤል በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከይጁቤ ገጠር የመጡት፣ ለዕለቱ ብለው የቋጠሩትን ቅኔ ሊሰጡን ነበር። መምህር ቅኔ የሚዘርፈው አንዴ ነው፤ ሰምተው በቃላቸው ይዘው የሚያስቀሩት አጠገቡ የሚቆሙት ተማሪዎች ናቸው። ስምንት ተማሪዎቻቸው ተከትለዋቸው መጥተው ነበር። እርስዎ ክፍሉ ይጠብባል አሉ፤ እኔ ደግሞ ሳላቸው ይቀዳብናል ብዬ ደገፍኩዎት። በሩን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። ባትሪ ሳይሻ ስንት ዘመን ሲቀዳ የኖረውን ጆሮ ደጅ አስቀምጠን ወደ ዘመናዊ ሥራችን ገባን።

በንግግርዎ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ የየኔታ ማይክሮፎን መብራት ጠፋ። አይቼዋለሁ። እርስዎን ከማቋርጥ፣ የተበላሸው መብራቱ ብቻ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እርስዎ ጨርሰው የራስዎን ማይክሮፎን አጠፉ፤ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ቅኔያቸውን ሰጡ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ ወርቅ ከፊቴ አስቀምጬ በስልክ መቅዳት ማኅበሩን ማዋረድ መሰለኝ።

4. ይኼኛው በእርስዎ ላይ አይደለም። ከቅኔው ምንም አለመቀዳቱን በዚያው ቀን ከሰዓት አወቅሁ። ይጁቤ ሩቅ አገር አይደለም፤ በማግስቱ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ከአእምሯቸው ሳይጠፋ ድገሙልኝ ብዬ መለመን ነበረብኝ። አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል በሦስተኛው ሳምንት የኔታ አረፉ። ልጃቸው ወለተ ሐዋርያት የአባቴን ድምፅ አሰሙኝ ብላ ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ «እየተስተካከለ ነው» ብዬ መለስኳት። ሐሰት ነው። የእርስዎ ንግግር ግን አንድ ቃል ሳይጎድለው ጥርት ብሎ ተቀድቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ሰኞ ተመልሳ ትመጣለች። እውነቱን የምንነግራት እርስዎና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ካልተመቸዎት ግን የእርስዎንም ድርሻ እኔው እነግራታለሁ።

ለፎቶ ከኋላዎ በመቆም፣ ለፊርማ በመፍጠን፣ ለእውነት በመዘግየት ያልተለየሁዎት ታዛዥዎ፣
አንሙት ቢተው

ያልተጻፈ እንዳይቀር፦ ለወለተ ሐዋርያት የሚሰማ ነገር ተገኝቷል። ትናንት ቅጂውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። በንግግርዎ ማብቂያ፣ ጭብጨባው ሲበርድ፣ ገና ባላጠፉት ማይክሮፎንዎ በኩል የየኔታ ድምፅ ከሩቅ አንዴ ገብቷል። «ልጄ፣ ይሰማል ወይ?» ይላሉ። ቀጥሎ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው፦ «አዎ የኔታ፣ በደንብ ይሰማል።»