የካፖርቱ ጥቁር ቁልፍ

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስፌቱን ትቼ ሥዕል መማር ጀመርኩ ብዬ ስጽፍልህ «በስተርጅና ምን ነካሽ?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ሳቅ፣ ይመችህ። በጡረተኞች ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው እንማራለን። ሌላው አበባና ጀልባ ሲሥል እኔ ከድሮ ጋዜጣ እያወጣሁ ገዳያቸው ያልተገኘ ሰዎችን እሥላለሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘውን ሰዓት ሠሪ፣ ባቡር ላይ የታነቀችውን አዋላጅ። እጅ ላይ ግን አልሆነልኝም፤ የኔ ሟቾች ጣት ሁሉ ካሮት ነው። አስተማሪው «እትዬ፣ እጁን ኪስ ውስጥ ይክተቱት» እያለ ይቀልድብኛል።

ባለፈው ወር ታይፒስቷን ሣልኳት። የቷን እንዳትለኝ! ከላያችን ትኖር የነበረችውን፣ ጓደኛዬን፣ አንተን «አላገባህም» ያለችህን፣ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ደረጃ ሥር ታንቃ የተገኘችውን። ቀሚሷን እኔው ስለሰፋሁት አልቸገረኝም። ጣቶቿ አልሆን ሲሉኝ ግን ጨብጬ ዘጋኋቸው። ባዶ ጭብጥ አስጠላኝና ቡናማ የካፖርት ቁልፍ አስያዝኳት። ለምን ቁልፍ? አስከሬኗ በተገኘበት ጠዋት ካፖርትህን ይዘህ መጥተህ «እታለም፣ ቁልፏ ወልቃ ጠፋች፣ ቶሎ ስፊልኝ» ስላልከኝ ነዋ። ቡናማ አጥቼ ጥቁር ሰፋሁልህ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ቁልፍ የትም ይወልቃል እያልኩ እንቅልፌን ተኝቻለሁ።

እሑድ ሥዕሎቻችንን አዳራሽ ውስጥ ሰቀልን። ጡረታ የወጣ የፖሊስ መርማሪ የኔው ፊት ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

«ምኑን?»

«ቁልፉን። እጇ ውስጥ ነበር። ገዳዩ እንዳይነቃ ብለን ለጋዜጣ አልሰጠንም። የምናውቀው እኔ፣ አለቃዬና ሐኪሙ ነን፤ ሁለቱ ሞተዋል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቅሁም ነበር፤ በእናታችን ሞት። «ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሁሉም ነገር ቁልፍ ሆኖ ነው የሚታየኝ» አልኩትና አለፈ። ለመጨረሻ ጊዜ ዋሸሁልህ።

ማክሰኞ ልጅህ መጣች። ስታምር! አፍንጫዋ ቁርጥ የእናታችን ነው። «አባዬ ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም» አለችኝ። በዚህ ብርድ ስስ ጃኬት ለብሳ ስትንቀጠቀጥ ሳጥኔን ከፍቼ ያንን ጥለኸው የሄድከውን ካፖርት ደረብኩላት። አምስት ቡናማ ቁልፍ፣ አንድ ጥቁር። ከዚያ ሥዕሌን ላሳይሽ ብዬ ወሰድኳት። መርማሪው ከእሑድ ጀምሮ እዚያ እንደሚመላለስ አውቅ ነበር፤ አውቄ ነው።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ አያቸው። «የማን ካፖርት ነው፣ ልጄ?»

«የአባቴ!» አለችው፣ ኮሌታውን እያሸተተች። ደስታዋን ብታይ! የድሮ ወዳጅህ መስሏት ስምህንና አድራሻህን በደንብ አድርጋ ጻፈችለት። ካፖርቱንም «ለትንሽ ቀን አውሺኝ» ሲላት አውልቃ ሰጠችው።

እኔ ራሴ ብነግረው ይቀል ነበር። ግን የታይፒስቷ እናት እስክትሞት ድረስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የወጪ ወራጁን ፊት ስታይ፣ ሰላም እያልኳት የማልፈው እኔ ነበርኩ። የሷ ልጅ መንገር አትችልም። ያንተ ልጅ ትንገር ብዬ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ወንድምዓለም።

ደብዳቤውን በልጅህ እጅ የላክሁት ፖስታ እስኪደርስ ልቤ አልጠብቅ ስላለኝ ነው። አልከፈተችውም መቼም፤ ጨዋ አድርገህ ነው ያሳደግሃት። ይሄኔ ፊትህ ቆማ «አክስቴ ምን አለች?» እያለችህ ይሆናል። አንተው ንገራት።

እግዜር ዕድሜ ይስጥህ፤ ረጅም፣ ምንም የማትረሳበት።

እህትህ፣
እታለም

የሚደረብ ነገር ፈልግላት። በዚያው በስስ ጃኬቷ ነው የሸኘኋት።