ሰላም የምትይበት እጅ

ሆዴ ብርቄ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልኩና መልሱን ከማን ልሰማው ብዬ ተውኩት። ሙት ዓመትሽን ባለፈው እሑድ አወጣን። የእድሩ ሰው መጣ፣ ቀመሰ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ድንኳኑ ሲነሳ ቤቱ ሰፋብኝ።

ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ነቅሎት ወንድምሽ ከዋጃ መጥቶ መታልኝ። ዶሮዎችሽን ሸጥኳቸው፤ አንቺ ስትጠሪያቸው እንጂ እኔ ስጠራቸው ዞር ብለውም አያዩኝ። ሥራዬ ያው ነው፣ የቆቦን ቆሻሻ በጋሪ ማንሳት። አዲስ ነገር ቢኖር ማኅበራችን ለእያንዳንዳችን ሙሉ ጓንት መስጠቱ ነው፣ ግራና ቀኝ። ስቀበል አንቺ ትዝ አልሽኝ።

እኔና አንቺ እኮ አንድ ጥንድ ነበር ለሁለት የምንለብሰው። ግራውን አንቺ፣ ቀኙን እኔ። ቀለበቷ እንዳይቆሽሽባት ነው እያልኩ እቀልድብሽ ነበር፤ ምክንያትሽ ግን ሌላ ነበር። ሰው ሰላም የሚባለው በቀኝ ነው። እኛ ቆሻሻ አንሺዎች ሰው ሲጨብጠን መዳፋችንን አጥፈን አንጓችንን ነው የምንሰጠው። አንቺ አንጓ መስጠት አይሆንልሽም። ጋሪው ላይ ጀሪካን አንጠልጥለሽ፣ በር ስትደርሺ ቀኝ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ በነጠላሽ ጫፍ አድርቀሽ ታንኳኪያለሽ። ከዚያ ሙሉ መዳፍሽን ትዘረጊያለሽ። እኔ ፀሐዩ ሳይበረታ እንጨርስ እያልኩ ስነጫነጭ አንቺ የልጆቹን ጤና፣ የማሽላውን ነገር ትጠይቂያለሽ። ሰፈሩ እኔን የሚያውቀኝ የብርቄ ባል ብሎ ነው።

የቆሻሻ ማዳበሪያ ስናነሳ ጓንት ያለበት እጃችን ከሥር፣ ባዶው ከአፉ ነበር። የዚያን ዕለት ማዳበሪያው ከመሃል ተተረተረ። ሰው የሚወድቅ ነገር ሲያይ እጁን ይሰዳል፤ አንቺም ባዶውን ሰደድሽ። የዛገ ቆርቆሮ መዳፍሽን ሰነጠቀው። በጨርቅ አስረሽ እስከ ማታ ሠራሽ፣ ይደርቃል አልሽኝ። ደረቀም። መንጋጋሽ የተቆለፈው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ቴታነስ ነው ሲለኝ ስሙን ገና መስማቴ ነበር፤ ለማዳን ግን ረፍዶ ነበር።

አሁን ሁለቱም እጄ ለብሷል። ቆርቆሮ አይነካኝም፣ ጠርሙስ አይነካኝም፣ ሰውም አይነካኝም። ለቅሶ የደረሱኝ ሰዎች ከጨበጡኝ ወዲህ እጄን የያዘኝ የለም። ማዳበሪያቸውን ደጅ አውጥተው ያስቀምጣሉ፣ እኔም አንስቼ አልፋለሁ። እነሱን ምን እላለሁ፤ እኔም በር አላንኳኳም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ድምፄን ሳልሰማው እገባለሁ። ናፍቀሽኛል ብርቄ።

ትናንት ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት እትዬ ዓለሚቱ ራሳቸው ወጡ። ዓመቱን ጎብዬ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ነው የከረሙት፤ ዐይናቸውም ደክሟል። የጋሪውን ድምፅ ሲሰሙ አንቺ የመጣሽ መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። እጄን ሳልዘረጋላቸው ብቆይ፣ ምነው ልጄ ተቀየምሽኝ እንዴ አሉ።

ጀሪካንሽ ጋሪው ላይ እንዳለ ነው፤ ከልማድ ውኃ እሞላበታለሁ። ቀኙን ጓንት አወለቅሁ፣ ታጠብኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ ነገርኳቸው። እጄን እንደያዙ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳሰሱ የአንቺን ደግነት ሲያወሩልኝ ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ፣ የገበያው ሰፈር ቆሻሻም ሳይነሳ ረፈደ። አንቺም እንዲህ ነበር የምታስረፍጂኝ።

ማዳበሪያ ስነካ ሁለቱንም እለብሳለሁ፤ አንቺን የወሰደብኝን አልረሳም። በር ስደርስ ግን ቀኙን አወልቃለሁ። ሰላም ያሉኝ ሁሉ ስምሽን ከእኔ ይሰማሉ፤ በሕይወት እስካለሁ በዚህ ሰፈር አትረሺም።

ሳሙናሽ አልቆ ነበር። ዛሬ አዲስ ገዛሁ።

ባልሽ