ይታየሽ አልመለስም አለች

ጥቅምት 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

ገበያ ነበር። ከዝቋላና ከአምደወርቅ የመጣው ሰው ከገበያው በፊት ጤና ጣቢያውን አጥለቀለቀው። ዓይን፣ ዓይን፣ ዓይን... ቀኑን ሙሉ ዓይን ሳጥብ ዋልኩ። ማምሻውን አንድ ሽማግሌ እግሯ የተሰበረ ፍየል ታቅፈው ገቡ። እዚህ የሚታከመው ሰው ነው ብላቸው፣ እሷም ነፍስ አላት እኮ አሉኝ። አሰርኩላት። ምን ላድርግ? ጎንደር ላለችው እናቴ ብነግራት ስቃ አታባራም።

ቤት ስደርስ እማሆይ ወለተ ሰንበት ግቢውን ይጠርጋሉ። አከራዬ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው ብቻቸውን ይኖራሉ። ከካቡ ወዲያ ይታየሽ እንስራዋን አውርዳ ተቀምጣለች። የበቅሎ ነጋዴው የደሴ ሚስት ናት። ከዝቋላ ካመጣት ዓመት አልሞላም። አማርኛ ብዙም አትደፍርም፤ ከእማሆይ ጋር የሚያወሩት በአገውኛ ነው። ስታየኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አፍራ መሰለኝ።

ጥቅምት 15

አፍራ አልነበረም።

ዛሬ እማሆይ እጇን ይዘው ጤና ጣቢያ አመጧት። ቅንድቧ ተተርትሯል። በቅሎ ረገጠችኝ አለች። ሰፋሁላት። ቀሚሷን ከትከሻዋ ዝቅ ሳደርግ የአለንጋ ሰንበር... የቆየውም አዲሱም አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሟል።

"በቅሎዋ አለንጋም ትይዛለች?" አልኳት።

እማሆይ በአገውኛ ነገሯት። አንገቷን ደፋች።

እናቴም ከደረጃ ወደቅኩ ትል ነበር። ደረጃ በሌለው ቤት ውስጥ።

ጥቅምት 28

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሴ ጀመረ። የሷ ድምፅ አይወጣም። የሚሰማው የሱ ስድብና የአለንጋው ፉጨት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ሁሉም ሥራውን ይሠራል።

ሄጄ በሩን ደበደብኩ። ወጣ። ላብ አጥምቆታል።

"ሲስተር፣ እዚህ በሽተኛ የለም" ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ባሰበት። መሄዴ ነው ያባሰው? ባልሄድስ?

ኅዳር 9

አርግዛ አራት ወር ሆኗት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ለኔም...

ሆዷን በእርግጫ ብሏት ረፋዱ ላይ በቃሬዛ መጣች። ደሙ በቃሬዛው ጠፍር ያልፋል። ሐኪም የለን። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ገብረ አማኑኤልና እኔ፣ እኔና ገብረ አማኑኤል። ደሙ የቆመው ከሰዓት በኋላ ነው። እጄን ጨብጣ አንድ ነገር ትደጋግማለች። ምን እያለች ነው ብዬ እማሆይን ጠየቅኩ። "ልጄን ነው የምትለው" አሉ።

ደሴ በር ላይ ቆሟል። ትድናለች ወይ አለኝ። ልጅህ ሞቷል አልኩት። መሬት መሬት አየ። ታስቆጣኛለች አለ። ይህን ብቻ።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ይሸተኛል አሁንም።

ኅዳር 20

ሽማግሌ ተቀመጠ። በእማሆይ ግቢ ነበር፤ ከደጄ ሆኜ ሰማሁ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል አሉ። ደሴ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ። ቄሱ መስቀል አቀረቡለት፣ ሁለተኛ እጄን አላነሣባትም ብሎ ማለ። አንዳንዱ ሰው እንባውን ጠረገ። እሷን ትመለሻለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

አባቷ አቶ ገብረ አምላክ ከዝቋላ በእግራቸው መጥተዋል። እግራቸው ተሰነጣጥቋል። ሲወጡ ተከተልኳቸው።

"አባቴ፣ ይገድላታል።"

ቆሙ። "ልጄ፣ ወስጄ ቤቴ ባስቀምጣት እህቶቿን ማን ያገባቸዋል?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይታየሽ ደሴን ተከትላ ቤቱ ገባች። ዞር ብላ አላየችንም።

ታኅሣሥ 25

ጸጥ ብሏል። ቀሚስ ገዝቶላታል። ምናልባት... አላውቅም። እማሆይ ግን "ይህን ዝምታ አልወደድኩትም" ይላሉ።

ጥር 13

በግራ ጉንጬ መተኛት አልችልም። ልጻፈው።

ትናንት፣ የጥምቀት ማግስት ነው። ደሴ ከቀትር በፊት ሰክሮ ገባ። ከሰው ጋር ስትስቅ አየሁሽ አላት። አልሳቅኩም አለች። ዘነዘናውን አነሣ። ክንዷ ሲሰበር ከካቡ ወዲህ ሆነን ሰማነው። እንዲህ ያለ ድምፅ... እንጨት አይደለም፣ ሌላ ነው። ከዚያ ካቡ ላይ አየናት። እንዴት እንደወጣች እንጃ። እማሆይ ተቀበሏትና ወደ ውስጥ ጎተቷት።

ምንሽሩን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆምኩ። አውጪያት አለኝ። አላወጣም አልኩት። ሰደፉን ሲያነሣ አይቻለሁ፤ ሲመታኝ አላየሁም። ወድቄ አፌን ስነካው ጥርሴ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ተኮሰ። ጥይቱ መቃኑን ቦጭቆ ግድግዳው ላይ ቀረ።

እማሆይ ወጡ። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"ግባ። እኔን ረግጠህ ግባ።"

ከእናቱ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጡ ነበር፤ ከልጅነቱ ሳያውቃቸው አይቀርም። ቆመ። ዳግመኛ አቀባበለ። ያን ጊዜ ሴቶቹ መጡ። እነዚያ ሲሰሙ የኖሩት ጎረቤቶች፣ የበዓል ነጭ እንደለበሱ። የመጀመሪያዋ አሥራተ ማርያም ናት። ስድስት ልጅ አላት። መጥታ እማሆይ አጠገብ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሌላዋ። ደፉ ሲሞላ መሬቱ ላይ። ይሳደባል፣ ይፎክራል፤ አንዷም አልተነሣችም። ወንዶቹ የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። መሣሪያውን ቀምተው ለፖሊስ ሰጡት።

ፊቴ እያበጠ የይታየሽን ክንድ አሰርኩ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ቀጥ ብሎ አይገጥምም።

የካቲት 17

ፍርድ ቤት።

ይታየሽ በአስተርጓሚ እንድትመሰክር ተደረገ። እሷ በአገውኛ ብዙ ተናገረች። እማሆይ አጠገቤ ሆነው ቀስ ብለው ይነግሩኛል፤ ስለ አለንጋው፣ ስለ ሆዷ፣ ስለ ዘነዘናው። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ተጣልተን ነበር፣ በስካር ነው፣ ነው የምትለው ጌታዬ።"

እማሆይ ሊነሡ ሲሉ ይታየሽ ቀደመቻቸው።

"አይደለም" አለች። በአማርኛ። "እኔ እንዲህ አላልኩም። ልጅ ገደለ። ሆዴ ውስጥ ገደለ። እጄ ሰበረ። ሽማግሌ መልሶኝ ነበር። አልመለስም።"

አስተርጓሚው ወደ ደሴ አየ፣ ደሴ ወደ ጣሪያው።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። አስተርጓሚውን ተቀመጥ አሉት። ከዚያ ወደሷ ዞረው፣ "ቀስ ብለሽ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አሏት።

ነገረቻቸው። ቃል ሲጠፋት በእጇ አሳየች፣ በተጣመመው።

አባቷ ከኋላ ቆመው ነበር። መምጣታቸውን አላወቅንም። ስንወጣ ግንባሯን ሳሟት።

መጋቢት 3

ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ደስ ሊለኝ ሲል ምክንያቱ ተነበበ። ጥይት በመተኮስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በመምታት። የሷ ክንድና የሞተው ልጅ... "የቤት ጠብ" ተብሎ ታለፈ። ፍቺውን የዘመድ ዳኞች ይዩት ተባለ።

ከንዴቴ የተነሣ መንገዱ አልታየኝም። ይታየሽ ጎኔ ትሄዳለች።

"ታሰረ?"

"ታሰረ።"

"በኔ?"

ልዋሻት አልፈለግኩም። በጥርሴ ነው አልኳት። ቆም ብላ አፌን አየች።

"እትዬ፣ እንግዲያው ጥርስሽ ይባረክ።"

ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እኔም ሳቅኩ። መሳቁ አመመኝ።

ሚያዝያ 21

ፍቺው አለቀ። አባቷ ዝቋላ እንውረድ አሏት። እዚሁ እቀመጣለሁ አለች። አልተጫኗትም፤ አንድ ስልቻ ማሽላ አውርደውላት ሄዱ። እማሆይ በስተጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጧት።

ሰኔ 8

ለፈንጣጣ ክትባት ጽጽቃ መንደር ሰንብቼ ዛሬ ገባሁ። ዝናቡ ጫማዬን ጨርሶታል።

ደጁ ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት ቆማለች። አላውቃትም። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ደሙ አገጯ ላይ ደርቋል። ነይ ልይሽ፣ ነርስ ነኝ አልኳት። አየችኝ፤ አልሰማችኝም መሰለኝ።

"ይታየሽ የምትባል ሴት ቤት ይህ ነው?" አለች።

ይታየሽ ከጓሮ ወጣች። እጇ በሊጥ ተለውሷል። ማን መታሽ፣ ምን አድርገሽ ነው፣ ምንም አልጠየቀችም። ሕፃኑን ከጀርባዋ ተቀበለቻት።

"ግቢ" አለቻት።