በእኔ ስም የሚመልሰው ማን ነው?

ሰኞ
እኔ አልጻፍኩትም። ነጠላ በምሸጥበት ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው በእኔ ስም «ይቅርታ፣ ነጠላ አልሸጥም» ብሎ ለአንዲት ሙሽራ እናት መልሷል። ሴትዮዋ የሠርጉን ልብስ በሙሉ ሊያዙኝ ነበር። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አግኝቼ አላውቅም። ስልኬን ከሰናይት በቀር የሚነካው የለም።

ማክሰኞ
ሰናይት የባሌ እህት ናት፤ ሱቁን አብረን ነው የምንሠራው። የራሷን ሱቅ መክፈት እንደምትፈልግ ለባሌ ነግራዋለች፣ ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለችም። ዛሬ ደግሞ እኔ ስገባ በስልክ የጀመረችውን ወሬ አቋረጠች። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ላጣራ? ባሌ ግን፣ ሰው ሳትጠረጥሪ አትውይም ብሎ ተቆጣኝ።

ረቡዕ
ስልኬ ከእጄ ሳይወጣ፣ ዓይኔ እያየ ሌላ መልስ ተጻፈ፦ «እባካችሁ ስለ ነጠላ አትጠይቁኝ። እኔ የምፈልገው ያገለገለ ፍሪጅ ነው።» ሰናይት ያን ሰዓት አዲሱ ገበያ ነበረች። እዚያ ሆና ነው የጻፈችው ብዬ፣ ስትመለስ አፋጠጥኳት።
«አንቺን ለመጉዳት ፍሪጅ ልፈልግ?» አለችኝ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሐሙስ
ሰናይት አልመጣችም። ሱቁ ጭር ብሎብኛል። ግራ ሲገባኝ ጳውሎስ አካባቢ ስልኩን የሸጠልኝ ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ኢሜይል የለኝም ስለው ከፍቶ የሰጠኝ እሱ ነው። ድረ ገጹም «በኢሜይል ይግቡ» ሲለኝ፣ የራሴን የይለፍ ቃል ከማወጣ ብዬ ያንኑ ተጫንኩ። ለካ ሰውዬው ሥራ እንዲቀለው ለብዙ ደንበኛ አንዱኑ ኢሜይል ነው የሚያስገባው! ፍሪጅ ፈላጊዋም በዚያው ኢሜይል ስትገባ የእኔን መልእክቶች ታገኛለች፤ ለእሷ የተላኩ እየመሰላትም ትመልሳለች።
«ምን ችግር አለው እትዬ፣ እስካሁን የተቆጣ የለም» አለኝ። በንዴት ጥዬው ወጣሁ።

ዓርብ
በራሴ ስልክ ቁጥር፣ ራሴ ባወጣሁት የይለፍ ቃል አዲስ አካውንት ከፈትኩ። ለሙሽራዋ እናት ጽፌ ነበር፤ ሌላ ቦታ አዝዘዋል። እሱስ ይሁን።
ማታ ሰናይት ቤት ሄድኩ። አፍሬያለሁ፤ ማፈሬንም ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «ለእኔም የራሴን አካውንት ክፈቺልኝ» አለች።
ከፈትኩላት። የይለፍ ቃሉ ጋ ስንደርስ ስልኩን ተቀብላኝ ዞር ብላ ጻፈች። ነገ ሱቅ ትመጣ እንደሆነ መጠየቅም ፈራሁ።