መሐረብ የሚጣልበት ሰኞ

ሰኞ፣ ማርች 3፣ 1834

እንደ ሁልጊዜው ገንፎ። እንደ ሁልጊዜው ሱፍ ስፈትል ዋልኩ። በፓራማታ የሴቶች እስር ቤት ሰኞን ከማክሰኞ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ሚስት የሚፈልጉ ወንዶች ይመጣሉ። ያሰልፉናል። ሰውየው ይዞራል፣ ያያል፣ የወደዳት ፊት መሐረቡን ይጥላል። ካነሳች ሚስቱ ናት። በግም ሲገዙ እንዲሁ ነው፤ በግ ግን ጎንበስ በይ አትባልም።

ዛሬ አልተሰለፍኩም። አሞኛል አልኩ። ውሸቴን ነው። ምንም አይሰማኝም...

ረቡዕ፣ ማርች 5

የቤቱ ኃላፊ ጠራችኝ።

«ሄስተር፣ ልጅሽ ኬዚያ አራት ዓመት ሞላት አይደል?»

«አዎ እመቤቴ።»

«እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት ወደ ሙት ልጆች ቤት ትሄዳለች። ደንቡ ነው።»

«እናቷ እኮ አልሞትኩም።»

«አግቢያ! ያገባች ልጇን ትወስዳለች። ሌላ መንገድ የለም።»

አባቷ? ከእንግሊዝ እስረኛ ሆኜ በመርከብ ወደዚህ ቅኝ ግዛት እንደመጣሁ ለገረድነት የተሰጠሁት ጌታ ነው። ሆዴ ሲገፋ ወደዚህ መለሰኝ። ዛሬ ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም። ምን ነክቶኛል?

ሰኞ፣ ማርች 10

ተሰለፍኩ። አጠገቤ የምትተኛው ዶርካስ ጉንጬን ቆነጠጠችልኝ፣ ቀላ እንዲል። «ፈገግ በይ እንጂ! ቀብር መሰለሽ?»

የመጣው አንድ ነው። ሳይላስ ትራንተር። እሱም እስረኛ ነበር፤ የመውጫ ፈቃድ አግኝቶ ወንዝ ዳር ያርሳል። አንደኛው ጆሮው ግማሽ ነው። «ጌታው፣ ግማሹን ለማን አበደሩት?» አለች ዶርካስ። ሁሉም ሳቁ። እሱ እኔ ፊት ቆመ።

«ምን ሰርቀሽ ነው?»

«ሐር። እርስዎስ?»

«በግ። ላም ታልቢያለሽ?»

«አልባለሁ።»

መሐረቡን ጣለ። ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር... አፌ ቀደመኝ። «ሴት ልጅ አለችኝ። ከእሷ ጋር ከሆነ አነሳለሁ። ካልሆነ ራስዎ ያንሱት።»

ራሱ አነሳው፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሄደ።

«አንቺ ጅል!» አለች ዶርካስ። «መጀመሪያ ይገባል፣ ከዚያ ይነገራል!» እውነቷን ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ወሰዷት። ጋሪው ላይ ሲጭኗት አላለቀሰችም። የእኔው ልጅ።

ዓርብ፣ ማርች 14

ሱፍ።

ሰኞ፣ ማርች 17

ሳይላስ ተመልሶ መጣ። አልተሰለፍኩም ነበር፤ በስሜ አስጠራኝ።

«የት ጠፉ?» አልኩት።

«ቤቴ አንድ አልጋ ብቻ ነበረው። ለልጅቷ አልጋ እየሠራሁ ነው።»

መሐረቡን ጣለ። አነሳሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መሐረቡ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል፤ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

እሑድ፣ ጁን 1

የገዥው ፈቃድ ገና ነው። ያለሱ እስረኛ አታገባም። ሳይላስ በየሳምንቱ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ላሙ ያወራኛል። ወደ ሙት ልጆች ቤትም ሄዶ ነበር። «ምኗ ነህ?» ብለው መለሱት። ምን ይበል?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

ትናንት ተጋባን። ዛሬ ልጄን ልናመጣ ሄድን። ጸጉሯን ላጭተዋታል። «ጤና ይስጥልኝ፣ እመቤት» አለችኝ። እዚያ ሴት ሁሉ እመቤት ነው የምትባለው አሉ። እኔን ግን... ጋሪው ላይ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እጇን ብይዛት አልከለከለችኝም፤ አልያዘችኝምም።

ሳይላስ አልጋዋን አሳያት። ጫፉ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን አላወለቀችም።

«ጌታዬ፣ መቼ ነው የሚመልሱኝ?»

ሳይላስ ላሟን ልይ ብሎ ወጣ።

«አትመለሺም፣ ኬዚያዬ» አልኳት።

አሰበች። «ካጠፋሁስ?»

«ብታጠፊም።»

ያላለቀስኩት እንባ ስንት ዓመት የት እንደነበር እንጃ፣ ያን ጊዜ ሁሉም በአንዴ መጣ። መሬት ተቀምጬ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። አመመኝ፤ በጣም አመመኝ።

እሷ ተነሥታ ቆመች፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ።

«ይቅርታ እመቤት» አለች። «ሁለተኛ አልጠይቅም።»