የማይነሳው ጌጅ

ቢቸና፣ ማክሰኞ ኅዳር ፬

ወገቤን ስላመመኝ ሚኒባሱን ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ይዞት ወጣ። እዚሁ ደጋው ላይ ሞጣ ድረስ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። እሱ ግን ሰው ሞልቶ ዓባይን ሊሻገር ሄደ።

ባለፈው ሞተሩ ሲግል መካኒኩ ጋሽ ሙላት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥተው ጣሉት። «ለደጋ መኪና ምን ያደርግለታል? ውሃው እንደልቡ ይመላለስ» አሉኝ። እዚህ አገር ሁሉም የሚያደርገው ነውና ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የሙቀት ጌጁ ከታች ተነስቶ አያውቅም። እኛም ደስ አለን።

ረፋድ ላይ መኪናው ያደረበት መሬት ርሶ አየሁ። ነክቼ አሸተትኩት። ዘይት አይደለም፣ ነዳጅም አይደለም፤ የራዲያተር ውሃ ነው።

ወዲያው ደወልኩ። «ውሃ ያፈሳል፣ ጌጁን እይ!»

ሳቀብኝ። «እንደ ወትሮው ታች ነው፣ ወንድም ጋሼ። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ልጀምር ነው።»

ቴርሞስታቱ ቢኖር ጌጁ መሃል ይቆም ነበር፤ ውሃው አልቆ ድንገት ሲወርድ ይበልጣልም ይደነግጥ ነበር። አሁን በምን ይወቅ? ውሃው ካለቀ ጌጁ የሚለካው የለውም፤ ሞተሩ ቢነድም ታች ነው የሚያሳየው። ይህን ልነግረው ስል መስመሩ ተቋረጠ።

እስካሁን ስልኩ አይጠራም። ድሮ የምፈራው ጌጁ ሲወጣ ነበር።