ዝለይ አንቺ!

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጮህብሻል ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? ዓይንሽስ? መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ ቤቱን ሙሉ ማተራመሱን ተውሽው? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ከጡረተኛዋ አዋላጅ ጎረቤትሽ ጋር የያዝሽው ኩርፊያ፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። አንተም ይህን ጮክ ብለህ የምታነብላት ታናሽ ወንድሜ፣ ጤናህ ይብዛልኝ። ደግሞ እህቴ ወሬ አበዛች ብለህ መስመር እንዳትዘልባት። እማዬ፣ ሲዘል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያኔ ያዢው።

ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ምነው ደስ ደስ አለው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሱ ረጅም ስለሆነ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሳቂብኝ እንጂ አትቆጪኝ፤ ልጅሽ በዚህ ዕድሜዋ ጌም መጫወት ጀምራለች።

አዎ፣ ጌም! መጀመሪያ የጀመርኩት በስልኬ ነው። የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላው ማሽኑ ውስጥ ሲሽከረከር እኛ ልብስ ተኳሾቹ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ፣ አፍሽን ካሳረፍሽልኝ ብላ ነው መሰለኝ፣ አንድ የፍራፍሬ ጨዋታ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ወይኑን ከወይኑ፣ ብርቱካኑን ከብርቱካኑ አጠገብ ስታደርጊው ይፈነዳል። ፈነዳ፣ አለቀ፤ ሌላ ነገር የለውም። ግን እማዬ፣ ያ ድምፅ! ፖ፣ ፖ፣ ፖ ሲል የሆነ ነገር ከትከሻዬ ላይ ይወርዳል። ሲፈነዳልሽ ደግሞ ስልኩ ያመሰግንሻል። ይህን ሁሉ ዓመት ሸሚዝ ስተኩስ አንድም ሸሚዝ አመስግኖኝ አያውቅም።

ታዲያ ጨዋታው ላይ የተወሰኑ ልቦች ይሰጡሻል። በተሳሳትሽ ቁጥር አንድ ልብ ይወስዱና፣ ሁሉም ሲያልቁ እስኪሞሉ ትጠብቂያለሽ። አንድ ቀን እኔ ምኑንም ሳላስብ ለባልደረባዬ «ዛሬስ ልቤ አልቋል፤ እስኪሞላልኝ መቀመጥ አለብኝ» ስላት አለቃችን ከኋላዬ ሰማች። ወንበር ይዛ ሮጣ መጣች፣ ውሃ አስመጣች፣ አንገትጌዬን ልትፈታ ታገለች! «ኧረ የስልኩ ልብ ነው!» ብዬ ባሳያት «እስቲ አምጪው» አለች። ይኸው አሁን ጠዋት ስገባ የምትጠይቀኝ «ልብሽ ሞላ?» ብላ ነው። እሷ በወይን ትበልጠኛለች።

ይህ ግን ማሟሻው ነው። ዋናው ነገር የባለቤቴ ልጅ ጉዳይ ነው።

እንደምታውቂው ባለፈው መስከረም እኛ ጋ ገብታለች። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈች፣ ሌላ ከተማ የምትኖረው አክስቷ ናት ያሳደገቻት። ባለቤቴ «ከእኔ ጋር ትኑር» ብሎ ሲያመጣት ቃል ገባላት፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እዚህ መኖሩን ካልወደደችው ጠቅልላ ወደ አክስቷ ትመለሳለች፤ ማንም አይጠይቃትም፣ ማንም አይቀየማትም። እኔም እሺ አልኩ። አፌ እሺ ይበል እንጂ ሆዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኔን ይፈራ ነበር።

ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። ክፉ ብትሆንማ በተሻለኝ፤ ከክፉ ጋር ተጣልቶ መታረቅ አለ። ይቺ ግን ጨዋ ናት። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ሳህኑን ላንሳልዎት?»፣ «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ»። በገዛ ቤቴ ባንክ ቤት ወረፋ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጨነቀኝና «የኔ ልጅ፣ አንቺ በይኝ» አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? «እሺ፣ እንደፈቀዱ!»

አንቺ ይህ ይገባሻል። አባባን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንቱ እያልን ነው ያደግነው። አንቺን ግን አንቺ። እሳቸውን ስለማንወድ አልነበረም። ግን ሲርበን፣ ሲያመን፣ ስንናደድ የምንጮኸው አንቺ ላይ ነበር። እኔ ቤት የሚጮኽብኝ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ፣ በእጅ የሚያዘውን የጌም መጫወቻዋን ስትነካካ አገኘኋት። መሃሉ መስታወት ነው፤ ግራና ቀኙ ቁልፍ አለው። ወሬ ልጀምር ብዬ «ምንድን ነው የምትጫወቺው?» አልኳት። «የተኩስ ነው» አለችኝ ዓይኗን ሳታነሳ። እኔ ሞኟ ምን ብል ጥሩ ነው? «ውይ! ቀኑን ሙሉ ስተኩስ ውዬ ቤት ገብቼም ልተኩስ?» እውነቴን ነው፣ ሸሚዝ መስሎኝ ነው! «ካውያው የታለ?» ልላት ሁሉ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ መቻል አቃታትና ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። እኔም ነገሩ ዘግይቶ ሲገባኝ አብሬያት ተንከባለልኩ። ስትጨርስ እንባዋን ጠርጋ ጦርነቱን አጠፋችና «ለእርስዎ የሚሆን ሌላ አለኝ» ብላ ቁልፍ ያለበትን አንዱን ጎን ነቅላ ሰጠችኝ። ለካስ ይነቀላል፤ እኔ የሰበረችው መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ይህኛው የሁለት ሰው ነው። እሷ እንቁራሪት ትሆናለች፣ እኔ ጃርት። ገደል አለ፣ የሚፈርስ ድልድይ አለ፣ ከሰማይ የሚወርድ ድንጋይ አለ። ሁለታችን አብረን መድረስ አለብን፤ አንዳችን ከወደቅን ሁለታችንም ከመጀመሪያው። መቼም ያስወደቅኳትን ብዛት አትጠይቂኝ። ጃርቷ ስትዘል እኔም ከሶፋው እነሣለሁ፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ እኔም ልጅቷ ላይ እጋደማለሁ። እጄ ላይ ያለው ቁልፍ ነው ወይስ የራሴ እግር ነው የሚያስኬዳት፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ልጅቷ ትመራኛለች። ግን እንዴት ብላ? «እዚህ ጋ ይዝለሉ»፣ «እባክዎት ትንሽ ወደ ግራ ቢሉ…» ይህን ሁሉ ተናግራ እስክትጨርስ ጃርቷ ገደል ገብታለች። አክብሮት ጊዜ ይፈጃል እማዬ! «ይዝለሉ» ከ«ዝለይ» የሚረዝመው በጥቂቱ ነው፤ ገደሉ ግን ያቺን ጥቂት አይጠብቅም። ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ፣ እኛ በጨዋነት ስንሞት ከረምን።

አንድ ቀን ግን የመጨረሻው ድልድይ ላይ ደረስን። ጣውላው ከኋላችን እየረገፈ ነው፣ እኔ ደንግጬ ቆሜያለሁ። ያኔ ልጅቷ ሁሉንም ረስታ ጮኸች፦ «ዝለይ! ዝለይ አንቺ! ምን ያስቆምሻል፣ ኧረ ተንቀሳቀሺ አንቺ ጃርት!» ዘለልኩ። ተሻገርን! አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የሷ ቃል ግን አፋፍ ሳይደርስ የያዘው አለ። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሥራ ዕቃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። «ማንን ነው አንቺ የምትዪው? ጃርት የተባለችውስ ማናት?» አላት። የልጅቷ ፊት ሲጨልም አየሁት። እጇን ከአንገቴ ላይ አነሳች፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላኝ ክፍሏ ገባች።

ያን ቀን የተናገርኩትን ብትሰሚ ታፍሪብኛለሽ። «አንተ ሰውዬ፣ ስንት ወር ውሃ ሳጠጣ ከርሜ ገና ብቅ ሲል ረገጥክብኝ!» አልኩት። «ስድ ሆና ልትቀር ነው እንዴ?» አለኝ። «ስድ ትሁንልኝ!» «ጃርት ብላሽ?» «ጃርት ነኛ! እሾኬ አይታይህም?» ብዬ ወደ ጌሙ መስታወት አመለከትኩ። ወደ ጃርቷ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ዕቃውን አስቀመጠ። እሱም ደግ ሰው ነው፤ ልጁ እንዳትንቀኝ፣ እንዳትዳፈረኝ ፈርቶ ነው። አክብሮትን አጥር አድርጎ የሠራው እኔን ሊጠብቅ ነው። እኔ ግን ውጭ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ እርስዎው በእጥፍ ሆነ። መጫወቻውን ጠረጴዛ ላይ ትታው ከክፍሏ አትወጣም። አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ልብስ ስታጣጥፍ አየኋት፤ ሰኔ ደርሷላ።

አሰብኩ አሰብኩና በሯን አንኳኳሁ። «ሕግ አውጥቻለሁ» አልኳት። «ጨዋታው ሲበራ እርስዎ የሚባል ሰው የለም፤ ያለችው ጃርቷ ናት። ሲጠፋ ደግሞ እንደፈለግሽ ጥሪኝ። አባትሽም ተስማምቷል።» ገና አልነገርኩትም ነበር፤ ግን ከኋላዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ አየችው። «ሲወድቁ ግን እጮኻለሁ» አለችኝ። «ካልጮኽሽማ ምኑን ተጫወትነው!» አልኳት።

እንግዲህ እንደዚያ ሆነ። ጨዋታው ሲበራ «ግቢ፣ ውጪ፣ ያዢኝ፣ ምነው ዛሬ ፈዘዝሽ!» ሲጠፋ «እራት ላቅርብልዎት?» እኔም ስቄ እቀበላለሁ። ባለቤቴም አንድ ቀን ልሞክር ብሎ ነበር፤ በዚያ ወፍራም ጣቱ ሁለት ቁልፍ ባንድ ጊዜ እየተጫነ ከመነሻው ገደል ገባ። ልጁ «አባዬ፣ አንተ ሽቦህን ቀጥል» አለችው።

ዓርብ ትምህርት ተዘጋና ትናንት ሻንጣዋ አልጋዋ ላይ ተከፍቶ ዋለ። አክስቷ ደውላ «ነይ» ብላታለች። ጠቅልላ ትሂድ ለዕረፍት ትሂድ፣ አላወቅንም፤ አንጠይቅም ብለን ቃል ገብተናል። ባለቤቴ ጋዜጣ ይዟል፤ ገጹን ግን አልገለጠም። እኔ የታጠበ ድስት መልሼ አጥባለሁ። የጌሙ መጫወቻ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ጠፍቷል። ከክፍሏ ድንገት ጮኸች፦ «አንቺ! ሰማያዊ ሹራቤን የት ከተትሽብኝ?»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። አየሁት። መልሶ ዘጋው።

«ከላይኛው መደርደሪያ!» አልኩ፣ ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ እየጮኽኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አላስችል አለኝና «ወፍራሙ ካፖርትሽስ? አልያዝሽውም እኮ» አልኳት።

«ኧረ ተይው! ብርዱ ሲመጣ እዚሁ አይደለሁ እንዴ?»

ዛሬ ጠዋት አባቷ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኛት። ካፖርቱን አየር እንዲነካው አውጥቼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አቧራ የሌለውን እጅጌ አራግፋለሁ።

በይ እማዬ፣ እጄም ደከመው። ታናሽ ወንድሜን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ነፍሰ ጡሯ ሚስቱን በሰላም ይገላግልሽ በይልኝ። አጎቴን ጤናቸውን አጥብቄ ጠይቄያለሁ፤ የጆሮ ማዳመጫቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሳይሆን ጆሯቸው ላይ ያድርጉት። ታላቅ እህቴ ስትመጣ ከእኔ የባሰ ደብዳቤ የሚያዘገይ ሰው እንዳለ ንገሪያት፤ ራሷን ታውቃለች። ለአዋላጇ ጎረቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በዚያው ሰበብ በሯን ታንኳኪያለሽ። አንቺን ደግሞ ከግንባርሽ እስከ ጉልበትሽ ድረስ ስሜሻለሁ።

ልጅሽ፣
ከኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ
እሑድ፣ ሰኔ 15 ቀን